ገመዱን የለካሁት እኔ ነኝ

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች አስቀድሜ በስማቸው ልጥራ። አስተዳዳሪው አባ ይርዳው መቋሚያቸውን ተደግፈው ከመቃኞው በር አጠገብ ቆመዋል። መቃኞ የምንለው ቤተ ክርስቲያኑ ተሠርቶ እስኪያልቅ ታቦቱ ያረፈባትን ትንሽ የሣር ቤት ነው። ዋናው አናጢ አያ ታከለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መጥረቢያቸውን በሞረድ ይስላሉ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ አስማረ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ፀሐይ ቢበረታም የማያወልቁትን ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል። ዲያቆን ስጦታው፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣ መሰላሉን ይዟል። ጎበዜ አለ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን መሬት የሚያርስ፣ አፉ የማያርፍ ቀልደኛ። ከወንዙ ማዶ የመጣው ፈንታ አለ፤ ሁለት እንጨት ባንድ ትከሻ የሚሸከም ጉልበተኛ። እትዬ የሻረግ፣ እሳቸውም የማዶ ሰው፣ ለጭቃው ውሃ ቀድተው መጥተው እንስራቸውን ግድግዳው ሥር አስደግፈዋል። ስምንተኛው እኔ ነኝ፤ ጌታነህ እባላለሁ። ከነዚህ ሌላ ሠላሳ የሚያህል ሰው ነበር፤ በዚያ ቀን ቃል የወጣው ግን ከነዚህ ከጠራኋቸው ሰዎች ነው።

የደብሩን ስም ሰዎቹን ሳላስፈቅድ አልጽፍም። ስማዳ ውስጥ ነው፤ ከወገዳ ፈጠን ብሎ ለሚሄድ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አጥቢያው በአንድ ወንዝ ለሁለት ይከፈላል። ቤተ ክርስቲያኑ ያለበትን ወገን ወዲህ፣ ሌላውን ማዶ እንለዋለን።

ያኔ የአርክቴክቸር ተማሪ ነበርኩ። ሦስተኛ ዓመት ጨርሼ ለክረምት እንደመጣሁ መንገዱ ተዘጋና ዓመት ከምናምን ቤቴ ቀረሁ። ሥዕል ያስተማረኝ ሰው የለም። ወገዳ ስማር የትምህርት ቤታችንን መስኮቶች በማስመሪያ ለክቼ ከደብተሬ ጀርባ እስል ነበር። የኮምፒዩተሩን መሳያም ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ከስልክ ቪዲዮ ለቅሜ ተምሬዋለሁ። ብዙ አልናገርም፤ ልኬት ላይ ግን እልኸኛ ነኝ። አንድ መስመር ሁለት ሚሊ ሜትር ከሳተ ወረቀቱን በሙሉ እንደገና እሠራለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሦስት ትልልቅ ፕሮጀክቶች ሠርቻለሁ፤ የመኖሪያ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትና ባለ ስድስት ፎቅ የባህል ማዕከል። ሦስቱም ጥሩ ውጤት አግኝተዋል፤ ሦስቱም ግን ወረቀት ናቸው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የዲዛይን ቢሮ ተማሪዎችን ለልምምድ እንደሚቀበል ሰማሁና ሥራዎቼን ላክሁ። መልሳቸው አጭር ነበር። በእውን የተሠራ አንድ ነገር ካለህ፣ ያሠራህ አካል በማህተም መስክሮልህ ላክልን አሉኝ። መልእክቱን ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥቼ ነው ያነበብኩት፤ አራት ጊዜ ደጋግሜ።

በዚያው ሰሞን የደብራችን ጣሪያ እርጅና ተጭኖት ጎብጦ ነበርና ሊፈርስ ተወሰነ። ንድፉን እኔ ልሥራ ብዬ ለአቶ አስማረ ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ «ጣሪያው መቆም ሲጀምር ደብዳቤውን በማህተም እጽፍልሃለሁ» አሉኝ። በዚህ ተግባባን።

ንድፉን ለአያ ታከለ ያሳየሁበትን ቀን አስታውሳለሁ። ወረቀቱን አዙረው አዙረው ካዩት በኋላ ጣታቸውን ጠርዙ ላይ አሳረፉ።

«ክፈፉ የት አለ?»

«ይቺ ናት፤ ከግድግዳው የምትወጣው፤ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር።»

«ይቺማ ለወፍ ናት።»

የድሮው ጣሪያ ከግድግዳው ሁለት ክንድ ያህል ወጥቶ ዙሪያውን ጥላ ይጥል ነበር። እኔ አሳጠርኩት። ክብ ግድግዳው ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ፈለግሁ፤ ፎቶ ሲነሳም ያምር ነበር። ይህንን ግን አልነገርኳቸውም፤ «የቆርቆሮ ጣሪያ ሰፊ ክፈፍ አይፈልግም» አልኳቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን መለሱልኝና ሄዱ።

ሁለተኛው ንግግራችን ስለ መለኪያው ነበር። በአጥቢያችን ልማድ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ እያንዳንዱ ቤት ከጓሮው አንድ ዛፍ ቆርጦ ወራጅ ይሰጣል። ወራጅ ከጣሪያው መካከል ወደ ግድግዳው አዘቅዝቆ ጣሪያውን የሚሸከመው እንጨት ነው። ሠላሳ ስድስት ወራጅ ያስፈልገን ነበር፤ አሥራ ሦስቱ ከወዲህ፣ ሃያ ሦስቱ ከማዶ እንዲመጡ ተደለደለ። ርዝመቱ ስድስት ሜትር ከሃያ ነው። በየቤቱ ያለው መለኪያ ክንድ ነው፤ የሰው ክንድ ደግሞ ይለያያል። ስለዚህ አዲስ የቃጫ ገመድ ገዛሁ፣ በሜትሬ ስድስት ሜትር ከሃያ ለካሁና ሁለቱን ጫፍ ቋጠርኩ። ይህ ገመድ ከቤት ቤት እንዲዞር አሰብኩ።

አያ ታከለ ገመዱን በጣታቸው እያሹ፣ «ሸምበቆ ቁረጥና እሱ ይዙር። ገመድ ጠባይ አለው» አሉ።

«ስድስት ሜትር ሸምበቆ ይዞ ያን ገደል ማን ይወርዳል?»

«ወራጁ ራሱ በየት በኩል ሊመጣ ነው? በሰማይ?»

አጠገባችን የነበሩት ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ገመዱን ለስጦታው ሰጠሁት፤ እሱም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ቤት አዳረሰ። ወራጆቹ እያንዳንዳቸው የባለቤታቸውን ምልክት በወፍራሙ ጫፍ ተቀርጸው በየቀኑ እየመጡ ሣሩ ላይ ተደረደሩ። አንዱንም መልሼ አልለካሁም። በራሴ ገመድ የተቆረጠን እንጨት መልሶ መለካት ትርፍ ሥራ መሰለኝ።

ማክሰኞ ወራጆቹን መስቀል ጀመርን። ግንቦት እያለቀ ነበር፤ ደመናው ከሰዓት ከሰዓት እየከበደ ይመጣል፣ መቃኞዋም ማፍሰስ ጀምራለች። ታቦቱ ከሰኔ ዝናብ በፊት መግባት ነበረበት።

ከመሰላሉ አጠገብ የተደረደሩት የወዲህ ሰዎች እንጨቶች ስለነበሩ በነሱ ጀመርን። እኔ ክቡ ግድግዳ አናት ላይ ሆኜ የእያንዳንዱን ጫፍ እመለከታለሁ። የመጀመሪያው ወራጅ ከግድግዳው ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ቆመ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አሥራ ሦስቱ ሲያልቁ አንድ ሦስተኛው ክብ ተዘጋ። ከታች ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ በፊት የሳልኩት ነገር ቆሞ አይቼ አላውቅም ነበር። እዚያው ግድግዳው ላይ ሆኜ አዲስ አበባ ልልከው የምችለውን ፎቶ በዓይኔ መርጫለሁ።

አሥራ አራተኛው ከማዶ የመጣ ነበር። ፈንታ ከታች ገፋ፣ አያ ታከለ ከላይ ተቀበሉ፣ ጫፉ እኔ ዘንድ ደረሰ። ከግድግዳው የወጣው አራት ጣት እንኳ አይሞላም።

«ግፋው» አልኩ።

«ገፋሁት እኮ። አልቋል» አለ ፈንታ።

አሥራ አምስተኛውም እንደዚያው። አሥራ ስድስተኛውም። ውሃው ከቆርቆሮው ወርዶ በቀጥታ የጭቃው ግድግዳ ላይ ሊፈስ ነው፤ እንዲህ ያለው ግድግዳ ሁለት ክረምት አይቆምም። ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው ግን የሚታየው ሌላ ነው፤ የወዲህ ሰዎች እንጨት ረጅም፣ የማዶ ሰዎች አጭር።

ይህንን መጀመሪያ ያለው ጎበዜ ይመስለኛል። «የማዶ ሰዎች ጫፍ ጫፉን ለፍየል በረት አስቀርተውታል» አለ። አባባሉ የቀልድ ነበር፤ አንዳንዶችም ሳቁ።

ፈንታ ግን አልሳቀም። «ምን አልክ?»

«እኔ ምን አልኩ? እንጨቱ ነው የሚናገረው።»

«በተሰጠን ገመድ ነው የቆረጥነው።»

«እኛስ በምን ቆረጥን? በዚያው ገመድ አይደለም?»

ይህ ትክክል ነበር፤ ገመዱ አንድ ነው። አባ ይርዳው መቋሚያቸውን አንሥተው፣ «ቃል አትለዋወጡ፤ ምሳ ይሁን» አሉ። ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ ተቀመጠ፤ የወዲህ ሰዎች በዋርካው ሥር፣ የማዶ ሰዎች በግቢው ግንብ አጠገብ። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ተለያይተው ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም።

እኔ ምሳ አልበላሁም። ሃያ ሦስቱን የማዶ ወራጆች አንድ በአንድ ለካሁ፤ የተሰቀሉትን ግድግዳው ላይ ሆኜ፣ የቀሩትን ሣሩ ላይ። ሁሉም አምስት ሜትር ከዘጠና አምስት፤ ልዩነታቸው ከአንድ ጣት አይበልጥም። ሃያ ሦስት ቤት ተመካክሮ ካልሰረቀ በቀር እኩል ሊያጥር አይችልም። ወደ ዕቃ ቤቱ ሄጄ ገመዱን ከተሰቀለበት አወረድኩና መሬት ላይ ዘርግቼ ለካሁት። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ አምስት ሜትር ከዘጠና አምስት።

ስጦታውን ጠራሁት። «ገመዱን ይዘህ ማዶ ስትሻገር ዘንቦ ነበር?»

«ዘንቦ ነበር ወይ ትለኛለህ? ወንዙ እስከ ወገቤ ደርሷል። ገመዱን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ነው የተሻገርኩት። እንደ እርጥብ ቆዳ ከብዶኝ ማዶ ደርሼ ዛፍ ላይ አሰጣሁት።»

«ወዲህ ያሉትን ቤቶች ከዚያ በፊት ጨርሰህ ነበር?»

«አዎ። ምነው?»

«ምንም» አልኩት።

አዲስ የቃጫ ገመድ መጀመሪያ ሲርስ ይኮማተራል፤ ደርቆም ወደ ልኩ አይመለስም። አያ ታከለ ጠባይ አለው ያሉት ይህንን ነው። እኔ ክንድ አይታመንም ብዬ ዝናብ የሚያሳጥረው መለኪያ ላክሁ። የድሮውን ሰፊ ክፈፍ ባላሳጥረው ኖሮ ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር ምንም አልነበረም። አያ ታከለ ሲሠሩ ወራጁን አስረዝመው ይሰቅሉና ጫፉን መጨረሻ ላይ በክር አስተካክለው ይቆርጣሉ። የሚሳሳተው ነገር ሁሉ እዚያ ጫፍ ላይ ይበላል። እኔ ያንን ከወረቀቱ ላይ ጠርጌዋለሁ።

በሩ ክፍት ነበር፤ ወጥቼ መናገር ነበረብኝ። አቶ አስማረ ግን ከውጭ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር፤ ለሆነ ሰው፣ «ማህተሙን ይዤ መጥቻለሁ፤ ዛሬ ለልጁ የምጽፈው አለኝ» ይላሉ። ገመዱን ጠቀለልኩና የላፕቶፕ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ይህን ሳደርግ ያየኝ ሰው የለም። ለመደበቅ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

ከምሳ በኋላ ግድግዳው ላይ ተመልሼ ወጣሁ፤ ከታች ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። አንዱ፣ «የእግዚአብሔርን ቤት በጎደለ መስፈሪያ» አለ። ሌላው ወራጆቹን እያገላበጠ የባለቤቶቹን ምልክት ማንበብ ጀመረ። ይህ የፈንታ፣ ይህ የእገሌ እያለ መጣና ከሁሉ ቀጥ ያለው የጽድ ወራጅ ጋ ደረሰ።

«ይህ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አሉ እትዬ የሻረግ።

ባላቸው የተከሉት ጽድ ነበር፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ከዚያ ሌላ ጥላ የሚሆን ዛፍ በደጃቸው የለም።

ጎበዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ የርስዎ እንኳ ይሙላ ብለን ነበር» አለ። ከዚያ ቀን ንግግር ሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ የተባለው በአክብሮት ነበርና።

እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ወደ ግድግዳው፣ ልክ እኔ ወዳለሁበት ቀና አሉ።

«ያጠረው የቱ ጋ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጫፉ፤ ክፈፉ ላይ» አሉ አያ ታከለ።

«እኔ የት እንደምቆም ታውቃላችሁ። ሃያ ዓመት ውስጥ አልገባሁም። ዝናብም ፀሐይም ሲሆን የምቆመው ክፈፉ ሥር ነው። ከእግዚአብሔር ብሰርቅ እንኳ ከራሴ እሰርቃለሁ?»

ለምን እንደማይገቡ የሚያውቁት እሳቸውና የንስሐ አባታቸው ናቸው፤ እኛ አገር ይህን የሚጠይቅ የለም። እሳቸው ብቻም አይደሉም። ቅዳሴ በሆነ ቁጥር በአንድ ነገር ራሱን ያልበቃሁ ብሎ የቆጠረ ሰው ሁሉ ከውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ያስቀድሳል። እናቴም ስንት እሑድ እዚያ ቆማለች። ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻቸዋለሁ። በንድፌ ላይ ከኮምፒዩተሩ የቀዳኋቸው ትንንሽ የሰው ምስሎች ነበሩ፤ ሁሉንም ውስጥ ነው ያስቀመጥኳቸው። ከግድግዳው ውጭ አንድም ሰው አልሳልኩም።

እትዬ የሻረግ እንስራቸውን አንሥተው ወደ ግንቡ በር ሄዱ። ፈንታ ተከተላቸው፤ ከዚያም የማዶ ሰዎች አንድ በአንድ። በሩ ላይ ስጦታው ሊያስቀራቸው ቆሞ ነበር። እትዬ የሻረግ አንድ ነገር አሉትና አለፉ። እኔ ግድግዳው ላይ ስለነበርኩ፣ ነፋስም ስለነበር፣ አልሰማሁም። የስጦታው ራስ ሲያቀረቅር ብቻ አየሁ።

ያን ቀን ሌላ እንጨት አልተሰቀለም። አመሻሽ ላይ አቶ አስማረ ጠርተውኝ፣ «አይዞህ፤ የሰው ክፋት ነው እንጂ ያንተ ንድፍ ምን አጠፋ፤ ደብዳቤውን ነገ እሰጥሃለሁ» አሉኝ። አመሰገንኳቸው። ማመስገኔን ዛሬም እዚህ የምጽፈው ሊቀርልኝ ስለማይገባ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ቀድሜ ደረስኩ። አያ ታከለ ብቻ ነበሩ። ቦርሳዬን ከፍቼ ገመዱን አወጣሁና እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት። አላነሡትም።

«ለካኸው?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«ትናንት በምሳ ሰዓት።»

ቀና ብለው አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ለኔ ምን ያደርግልኛል፤ ለሰዉ ንገር» አሉና ወደ መጥረቢያቸው ተመለሱ።

የወዲህ ሰዎች መጡ፤ ከማዶ ግን ፈንታ ብቻ መጣ፤ እሱም የሰዎቹን እንጨት ወደ ማዶ ሊመልስ ነው። አባ ይርዳው ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ፣ «አባ፣ ልናገር?» አልኳቸው። በሰው ፊት ቆሜ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ገመዱን ዘረጋሁ፤ ሜትሩን ጎበዜ እንዲይዘው ሰጠሁት፤ ጮክ ብሎ እንዲያነብም ነገርኩት።

«አምስት ሜትር ከዘጠና አምስት» ብሎ አነበበ።

«ሲላክ ስድስት ሜትር ከሃያ ነበር። ወንዝ ላይ ርሶ አጠረ። የማዶ ሰዎች የቆረጡት ልክ በተሰጣቸው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አያ ታከለ በሸምበቆ አድርገው ብለውኝ አልሰማሁም። ትናንት በምሳ ሰዓት ይህን አውቄ ገመዱን ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅሁት።»

ጎበዜ ሜትሩን እንደያዘ ቀረ። ፈንታ ቀስ ብሎ፣ «እትዬ ከመሄዳቸው በፊት ነው?» አለኝ።

«በፊት ነው።»

እጁን ሲጨብጥ አየሁ። አባ ይርዳው በመካከላችን መጡ፤ ለመገላገል አልመሰለኝም፤ ዝም ብለው ቆሙ እንጂ።

ያ ስላስፈራኝ መፍትሔ ማውራት ጀመርኩ። ረጃጅሞቹን አሥራ ሦስት ወራጆች ከአጫጭሮቹ ጋር እኩል እንቆርጣለን፣ ዙሪያውን የቆርቆሮ አሸንዳ እናስራለን፣ ውሃው ግድግዳውን አይነካም አልኩ። ሌሊቱን ሳሰላ አድሬ ነበር፤ ስሌቱም ትክክል ነው።

አያ ታከለ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «የሻረግስ የት ትቁም?» አሉ።

አሸንዳው ውሃውን ይይዛል፤ ሰው ግን አያስጠልልም። ሽማግሌው ተነሡና በመጥረቢያቸው እጀታ ከግድግዳው ሁለት ክንድ ተኩል ርቀው መሬቱን ጫሩ። «እዚህ ዙሪያውን ዐምድ ይቁም። ከእያንዳንዱ ወራጅ ጎን አጭር እንጨት እናስራለን፤ አንዱ ጫፍ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው ዐምዱ ላይ። ቅጥያ ነው፤ አያምርም።»

«እንጨቱስ?» አሉ አቶ አስማረ።

ፈንታ መለሰ፤ ከንፈሩን በመከራ እያላቀቀ። «ከየዛፉ የቀረው ጫፍ በየጓሮው ተኝቷል። ለፍየል በረት ያስቀረነው» አለ፤ ወደ ጎበዜ እያየ። ጎበዜ መሬት መሬት አየ።

አባ ይርዳው፣ አያ ታከለና እኔ ወንዙን ተሻገርን። ሃያ ሦስቱንም ቤት አዳረስን፤ በየደጁ ያንኑ ቃል ተናገርኩ። አንዳንዱ፣ «ይሁን፣ ከእግዚአብሔር ነው» አለኝ። ሦስት ቤት በሩን አልከፈተም። እትዬ የሻረግ ደጃቸው ላይ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። ከኋላቸው ነጭ ሆኖ የተቆረጠው የጽዱ ግንድ ይታያል። ተናግሬ እስክጨርስ እጃቸው አላቆመም።

«ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ነው ያወቅኸው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኔ የወጣሁት ከምሳ በኋላ ነው።»

«አዎ።»

ከምስሩ አንድ ጠጠር ለቅመው ጣሉ። «ጫፉ ከቤቱ ኋላ አለ። ውሰዱት» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩኝም።

ጣሪያው በአሥራ ሁለት ቀን አለቀ። ታቦቱም ከክረምቱ በፊት ገባ። ቅጥያው ከሩቅ ይታወቃል፤ ጠርዙ ላይ ያሉት እንጨቶች በእጥፍ ታስረው ወፍራም ናቸው። ሳየው ዛሬም ዓይኔን ይቆረቁረኛል። ክፈፉ ግን ከድሮውም ሰፍቷል፤ በመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ቀን ከሥሩ አርባ ሰው ቆጥሬያለሁ። በራቸውን ካልከፈቱት ሦስት ቤቶች መካከል ግን እስከ ዛሬ ወደ ደብሩ የተመለሰ የለም፤ ገደሉን ወጥተው ሌላ አጥቢያ ያስቀድሳሉ።

አቶ አስማረ ደብዳቤውን ሊጽፉ ሲቀመጡ፣ «ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉኝ። የሆነውን አልኳቸው። መለኪያው መሳሳቱን፣ መደበቄን፣ መናገሬን፣ ጣሪያው በአያ ታከለ ምክር መዳኑን ጻፉና ማህተሙን አሳረፉበት። ፎቶ አንሥቼ ኮረብታው ላይ ወጥቼ ላክሁት። መልስ አልመጣም። ቢሮውን አልወቅስም፤ እኔም ብሆን ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም።

አሁን ትምህርቴን ቀጥዬ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነኝ። አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ስስል የማደርገው አንድ ነገር አለ፤ ከግድግዳው በፊት ውጭ የሚቆመውን ሰው እስላለሁ። የጤና ጣቢያ ቢሆን በር ላይ ተራ የሚጠብቀውን፣ ትምህርት ቤት ቢሆን ልጁን ሊወስድ የመጣውን። አንድ መምህሬ፣ «እነዚህ ሰዎች ውጭ ምን ይሠራሉ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ይቆማሉ አልኩት። ይህን ልማድ እንደ ትልቅ ነገር አልቆጥረውም። የተማርኩት በሌላ ሰው ውርደት ነው፤ በዚያ ከሰዓት ዝም ያልኩባቸውን ሰዓታት ደግሞ ምንም ንድፍ አይተካቸውም። እናንተም የምትለኩት ነገር ካለ፣ ስሕተቱን ካገኛችሁ በኋላ የቆያችሁበትን ጊዜም ለኩ። እኔን የጎዳኝ ከሃያ አምስቱ ሳንቲ ሜትር ይልቅ እሱ ነው።

እትዬ የሻረግ አሁንም ክፈፉ ሥር ይቆማሉ፤ በራሳቸው የጽድ ቅጥያ ሥር። ለበዓል አገር ቤት ስሄድ ሰላም እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም እግዜር ይመስገን ይሉኛል። ወሬ የለንም።

በዚያ ማክሰኞ ግቢው ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፤ የረሳሁት ካለ ጨምሩበት። የመጀመሪያዋን ቃል የተናገረው ጎበዜ ካልሆነ ስሙን ላጽዳ። ከሁሉ በላይ ግን በግንቡ በር አጠገብ ቆማችሁ የነበራችሁ ሰዎች፣ እትዬ የሻረግ ሲወጡ ያሉትን የሰማ ካለ ይጻፍልኝ። ስጦታው፣ አንተን ሦስት ጊዜ ጠይቄህ ሦስቴም ወሬ ቀይረህብኛል። ስለኔ የተባለ ከሆነም ግድ የለም። የቀረኝ ልኬት እሱ ብቻ ነው።